መድገም አልተቻለም

ዘበኛው የሚሉት በር ስለሚጠብቅ አይደለም። ቀን ቀን የሚሠራው የፎቶኮፒ ማሽንና የፕሪንተር ጥገና ነው፤ የጣቶቹ ጫፍ በቀለም ዱቄት ከጠቆረ ዓመታት አልፈዋል፣ ሳሙናም ተስፋ ቆርጦ ትቶታል። ዘበኛ ብለው ስም ያወጡለት በአካል አይተውት የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየአገሩ የተበታተኑ፣ አንዱ የሌላውን መልክ የማያውቅ ሠላሳ የሚሆኑ በጎ ፈቃደኞች አንድ ፕሮግራም በጋራ ይሠራሉ። ፕሮግራሙ የትናንሽ ክሊኒኮችን የመድኃኒት ፍሪጅ የሚጠብቅ ነው። ፍሪጁ ውስጥ አውራ ጣት የምታክል ሴንሰር ትገባለች፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ የሳሙና ማስቀመጫ የሚያክል ሣጥን ይሰቀላል። ፍሪጁ ሲሞቅ ሣጥኑ ቀይ ያበራና ይጮኻል፤ ደህና ሲሆን አረንጓዴ አብርቶ ዝም ይላል። ሙያው ይኸው ነው።

ዘበኛው ከፕሮግራሙ አንዲት መስመር አልጻፈም፤ ጻፍ ቢሉትም ላብ ያጠምቀዋል። የእሱ ሥራ አቤቱታ ማንበብ ነው። ችግር የገጠመው ሁሉ በፕሮጀክቱ ገጽ ላይ ሪፖርት ይጽፋል፤ መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው። ረብ ያለውን ለፕሮግራመሮቹ ያሳልፋል፣ ረብ የሌለውን ይመልሳል። እሱ ከመምጣቱ በፊት ሰው የሚጽፈው "አይሠራም" ብቻ ነበር። "ኧረ በፈጠራችሁ!" ብሎ የጻፈም አለ፤ በፈጠራቸው ምን እንዲያደርጉለት እንደፈለገ ግን አልገለጸም። አንዱማ የገዛ ጉልበቱን ፎቶ አንስቶ ልኮ "እንደምታዩት" ብሏል። ዘበኛው እጅጌውን ሰብስቦ አራት ጥያቄ ያለው ቅጽ አወጣ፦ የትኛው ቨርዥን ነው? ምን አደረጉ፣ በቅደም ተከተል? ምን ይሆናል ብለው ጠበቁ? ምን ሆነ? በአሥራ አራት ቀን ውስጥ መልስ ያልሰጠ ሰው ሪፖርቱ ይዘጋል። ተመሳሳይ ሪፖርት ደጋግሞ ከመጣ ደግሞ አዲሱ ከቀድሞው ሥር ይታሰራል፣ ፕሮግራመሮቹ አንዱን ነገር አሥር ጊዜ እንዳያነቡ። ቅጹ በወጣ በወሩ ጫጫታው ረጭ አለ። የፕሮጀክቱ መሥራች ከሩቅ አገር ሆኖ "አንተ ባትኖር በለቅሶ ጎርፍ ተወስደን ነበር" ብሎ ጻፈለት።

ይህንን መልእክት ለእህቱ ጮክ ብሎ አነበበላት። እታለም ይላታል። በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠዋለች፤ እናት አባታቸው ካለፉ ወዲህ እሷው ናት እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው፣ ዛሬም የሚኖሩት አብረው ነው።

"ታዲያ ሰው ሲያለቅስ በሩን ዘጋህበት ነው የሚልህ?" አለችው።

"በሥርዓት አልቅሱ አልኳቸው ነው የሚለው።"

"አይ ኢንጂነሩ!" ብላ ሳቀች። ኢንጂነር አይደለም፤ ስታሾፍበት ነው እንዲህ የምትለው።

እታለም ስኳር አለባት። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች፣ ያለ እሱ ሳምንት አትከርምም። መድኃኒቱን የምትወስደው ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ካለው ክሊኒክ ነው። የክሊኒኩን ፍሪጅ የሚጠብቀው ያው ሣጥን ነው፤ አምና ዘበኛው ራሱ ግድግዳውን በድሪል በስቶ ሰቅሎታል፣ በፍሪጁ ጎን ላይም "ችግር ካለ እዚህ ይጻፉ" የሚል ወረቀት ለጥፏል። እንግዲህ እህቱ ሰውነት ውስጥ የምትገባው እያንዳንዷ ጠብታ በዚያች አረንጓዴ መብራት ሥር አልፋ ነው የምትገባው። ይህን ሲያስብ ደረቱ ነፋ ይል ነበር።

ሙቀቱ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ራሱን "ደክሞኛል" ብሎ የሰየመ ሰው ሪፖርት አስገባ። ቁጥሩ አራት መቶ ስድስት ነው። ርዕሱ "ፍሪጁ ዝም አለ" ይላል፤ ሐተታው ከርዕሱ ብዙ አይረዝምም።

"ዓርብ ደህና ነበር። ሰኞ ስገባ ጠርሙሶቹ ላብ አልቧቸዋል። ሣጥኑ አረንጓዴ ነው። አራት ዲግሪ ይላል። ፈራሁ።"

ዘበኛው ሻዩን ወደ ጎን አድርጎ መለሰ። "ጤና ይስጥልኝ። ስላሳወቁን እናመሰግናለን። ፍሪጅ ከመጀመሪያውም አይናገርም፤ ዝም ያለው ሣጥኑ ከሆነ ርዕሱን ያስተካክሉ። 'ፈራሁ' የሚለው በቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ምን አደረጉ፣ በቅደም ተከተል?"

"ምንም አላደረግሁም። ገባሁ፣ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።"

"ምንም ሳይደረግ ምንም አይሆንም። ከዓርብ ከሰዓት ጀምሮ ያደረጉትን ይዘርዝሩ።"

ከዚህ በኋላ ደክሞኛል አልመለሰም። ዘበኛው ግን ሰነፍ አይደለም፤ የራሱ መሞከሪያ ሣጥን ቤቱ አለው። ሴንሰሯን የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ነከራት። ሣጥኑ ቀይ አብርቶ አገር ይያዝልኝ አለ። ሦስት ጊዜ ሞከረ፣ ሦስት ጊዜ ጮኸ። በሦስተኛው እታለም ከወዲያኛው ክፍል "አንተ ልጅ፣ አንዱን ገደልከው እንዴ?" አለች። በአሥራ አምስተኛው ቀን ከሪፖርቱ ሥር "መድገም አልተቻለም"፣ ማለትም ችግሩ ሲሞከር አልታየም፣ ብሎ ጻፈና ዘጋው። ሕሊናው ንጹሕ ነበር፤ የሞከረውን ያህል የሚሞክር ዘበኛ የትም አይገኝም።

በዚያው ሰሞን እታለም ውሃ ማብዛት ጀመረች። ጆጉን ይዛ ትቀመጣለች፣ ሲያልቅ ትነሳለች፣ ሞልታ ትመለሳለች። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ሰፋ። አንድ እሑድ ምሳ ላይ የስኳር መለኪያዋን አሳየችው፤ ሦስት መቶ አሥር ይላል።

"ምን በልተሽ ነው?" አላት።

"ምንም።"

"ምንም ሳትበይ ሦስት መቶ አይገባም፣ እታለም። ከምግብ በፊት ነው የለካሽው በኋላ?"

"በፊትም በኋላም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ኤዲያ! ቅጽ ልሙላልህ እንዴ?" ጆጉን አነሳች። "ውሃ ነው የምወጋው መሰለኝ።"

"ፋርማሲስቷ ውሃ በጠርሙስ ታድላለች ነው የምትይው?"

"እኔ እንጃ። የሚሰማኝን ነው የነገርኩህ።"

"ሙቀቱ ነው" አለና ሣህኑን አነሳ። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት መቶ ስድሳ ሆነ። ያን ጊዜ መለኪያው አርጅቷል አላት። ባትሪ ቀየረለት። ሦስት መቶ ሰማንያ አለ። ከዚያ ወዲህ እሷም ማሳየቱን ተወችው፤ እሱም ነገሩ ረገበ ብሎ ሥራው ላይ አተኮረ።

ሥራ በዝቶበት ነበር፤ ከየቦታው የሚመጣው ሪፖርት አንድ ዓይነት መሆን ጀምሯል። "ፍሪጃችን የሞተ ይመስላል፣ ሣጥኑ ግን አልነገረንም" ይላል አንዱ። "ሰኞ ሰኞ የታችኛው መደርደሪያ ላይ ውሃ ይተኛል" ይላል ሌላው። አንዱ እንዲያውም ምስጋና ነው። "ለአዲሱ የሶፍትዌር ማሻሻያ እግዜር ይስጥልን። ያ ራስ የሚያዞር ደወል ይኸው ወር ሙሉ አልጮኸም።" ዘበኛው ይህችን ሁለቴ አነበባት፤ ምስጋና በዚህ ገጽ ላይ እንደ በረዶ ብርቅ ነው። ሆኖም ነገሩ ስለ ደወል ዝምታ በመሆኑ በሕጉ መሠረት ከአራት መቶ ስድስት ሥር አሰራት። ሌሎቹንም አሰረ። አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ነው፤ ጣቱ ለምዶታል።

ስምንተኛው ሪፖርት ሐሙስ ከሰዓት መጣ። "በዚህ ወር ሁለት የስኳር ታካሚዎቻችን ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ። ከመድኃኒቱ ጋር ይያያዝ አይያያዝ አናውቅም። ሣጥኑ አራት ዲግሪ ይላል። ሁልጊዜ አራት ነው።" ዓይኑ "ራሳቸውን ስተው" የሚለው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቁልፉን ተጭኖ ጨርሶ ነበር። ድጋሚ፣ ከአራት መቶ ስድስት ሥር። እጁን አንስቶ ጥቂት ተመለከተው። ከዚያ የሚጠገን ፕሪንተር ይዞ ሰው ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት እታለም አልተነሳችም። ገብቶ ቢያያት ቁና ቁና ትተነፍሳለች፤ ክፍሉ ከመጠን በላይ የበሰለ ፍሬ ይሸታል፣ ቤት ውስጥ ግን ፍሬ የለም።

"እታለም?"

"ጨምሬ... ወጋሁ" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። "እጥፍ ወጋሁ። ምንም።"

ጠርሙሱ ባዶ ነበር። ዘበኛው ጎረቤታቸውን ልብስ ሰፊዋን ጠራና እህቱ አጠገብ አስቀመጣት። "አዲስ ጠርሙስ ይዤ መጣሁ" ብሎ ወደ ክሊኒኩ ሮጠ። ይህን መናገር ያሳዝናል፣ ግን የሮጠው ወደዚያው ፍሪጅ ነበር።

የመድኃኒት ክፍሉ ቆርቆሮ ጣሪያ አለው፤ በዚያ ወቅት ዳቦ ይጋግራል። ፋርማሲስቷ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ የጋውኗ እጅጌ እስከ ክርን የተጠቀለለ ሴት ናት። ስለ ዘበኛው የምታውቀው የታካሚዋ ወንድምና ሣጥኑን የሰቀለው ሰውዬ መሆኑን ብቻ ነው።

"እንዴት አደርክ ወንድሜ፣ እህትህ ደህና ናት?"

"ደህና አይደለችም። አዲስ ጠርሙስ ስጪኝ፣ ይኼኛው አልያዛትም።"

የሴትየዋ እጅ መዝገቡ ላይ ቀረ። "አልያዛትም ማለት?"

"ስኳሯ አልወርድ አለ።"

"አንተ ሦስተኛው ነህ" አለች ቀስ ብላ።

"የምን ሦስተኛ?"

"በዚህ ሳምንት እንዲህ ብሎ የመጣ።"

ዘበኛው ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ሣጥኑ አረንጓዴ ያበራል። አራት ዲግሪ። "ፍሪጁ ግን ደህና ነው" አለ።

"ሣጥኑ እንደዚያ ይላል" አለችና የፍሪጁን በር ከፈተችለት። "እስቲ እጅህን አስገባ።"

አስገባ። ዛፍ ሥር እንደ መቆም ያለ ነገር ነው፤ ከውጭው ይሻላል፣ ቅዝቃዜ ግን አይደለም። ከጠርሙሶቹ መካከል የመስታወት ቴርሞሜትር ተጋድሟል። ሃያ ዘጠኝ ይላል።

"ትናንት ነው ከላብራቶሪ የተዋስኩት" አለች። "እጄ እየነገረኝ አላመንኩትም፤ በዚህ ሙቀት የነኩት ሁሉ ቀዝቃዛ ይመስላል። ለኃላፊው ብነግረው 'ማሽን ነው ወይስ አንቺ ነሽ የምትሳሳቺው?' አለኝ። ዛሬ ቴርሞሜትሩን ላሳየው ብጠብቅ ቅዳሜ ነው፣ አልገባም።"

"ለምን ሪፖርት አላደረግሽም?" ድምፁ ሳይታወቀው ከፍ አለ። "ወረቀቱን ለምን ለጠፍኩት?"

"አደረግሁ እንጂ! ሁለት ወር ሊሆነው ነው።" ሴትየዋም ግላለች። "እዚያ ዘበኛው የሚሉት አንድ ሰውዬ አለ። ፈራሁ ብዬ ብጽፍለት፣ 'ፈራሁ የሚለው በቅጹ ላይ ቦታ የለውም' አለኝ። አሁን እንዲህ ያለውን ሰው እናት ናት ያሳደገችው ትላለህ?"

ዘበኛው የፍሪጁን በር ዘጋ። "እህቱ ናት ያሳደገችው" አለ።

ፋርማሲስቷ አየችው። ከዚያ ጥቁር ጣቶቹን አየች።  ስልኳን አውጥታ ዘረጋችለትና "ቤትህ ደውል" አለችው። የራሱን ኪሱ ውስጥ ይዞ የሷን ተቀበለ።

ልብስ ሰፊዋ አነሳች። "አንተ የት ነህ? ብጠራት ብጠራት አትሰማም እኮ! ዓይኗ ነጩ ነው የሚታየው!"

"ታክሲ ጥሪ፣ ሆስፒታል ይዘሻት ሂጂ፣ እዚያ እንገናኝ። መድኃኒቱ ሞቷል በያቸው። ስሚኝ፣ ስትወጋው የነበረው መድኃኒት የሞተ ነው በያቸው!"

ከክሊኒኩ ሲወጣ ፋርማሲስቷ መዝገቧን ገልጣ ከዚያ ፍሪጅ ኢንሱሊን የወሰዱትን ሰዎች ስልክ በእርሳስ ታሰምር ነበር። አሥር ሰዎች ናቸው።

በድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ወጣት ሐኪም ጠበቀው። እታለምን ወደ ውስጥ አስገብተዋታል፤ በበሩ መስታወት የሚታየው እግሯ ብቻ ነው፣ አንዱ ነጠላ ጫማ ወልቋል።

"መቼ ነው የጀመራት?" አለው ሐኪሙ።

"ውሃ ታበዛ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሁለት... አይ፣ ሳምንታት ነው።"

"ስኳሯ ስንት ስንት ነበር? የለካችበት ቀን ይታወቃል?"

"ሦስት መቶ አሥር አንድ እሑድ። ከዚያ በኋላ..." ዘበኛው ቆመ። ከዚያ በኋላ ማሳየቱን ትታው ነበር።

"ማስመለስ ነበራት? የሆድ ቁርጠት? በቅደም ተከተል ሊነግሩኝ ይችላሉ?"

"አልችልም" አለ ዘበኛው።

ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም። "አብረው አይኖሩም?" ብሎ ብቻ ጠየቀ።

"አብረን ነው የምንኖረው።"

ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጽፎ ገባ። ዘበኛው ኮሪደሩ ውስጥ የብረት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ልብስ ሰፊዋ ከጎኑ ጉልበቷን ይዛ ትወዛወዛለች። ስልኩን አወጣ። የሣጥኑ ሶፍትዌር በስንት ክሊኒክ እንደሚሠራ ያውቃል፤ መቶ አርባ ሁለት። ሁሉም ዛሬ ቅዳሜ መድኃኒት እያደሉ ነው። የሪፖርቱን ገጽ ከፈተና በአውራ ጣቱ ጻፈ፦ "ሣጥኑ ይዋሻል!! እባካችሁ አቁሙት እህቴ" እና ላከው።

መልሱ ወዲያው መጣ። "ጤና ይስጥልኝ። ስላሳወቁን እናመሰግናለን። ሪፖርትዎ የሚከተሉትን ስላላሟላ ለጊዜው አልተላለፈም፦ የትኛው ቨርዥን ነው? ምን አደረጉ፣ በቅደም ተከተል?" ይህንን የሚመልሰው ማሽን ነው። ቃሉን ፊደል በፊደል የጻፈው ግን እሱ ነው።

ሊሰድበው አፉን ከፈተና ተወው። መሥራቹ ይህን ጩኸት ቢያገኘው ምን ያደርግበታል? ከሠላሳው ፕሮግራመር ማን የቱን መስመር ይነካል? አልቅሶ ላከ እንጂ ምኑን ነገራቸው? ወደ ፋርማሲስቷ ደወለ።

"እንዴት ናት?" አለች።

"አላውቅም። ስሚኝ፤ ዓርብ ምን ነበር ያደረግሽው? ልወቅስሽ አይደለም። መጀመሪያ ያኔ፣ ሰኞ ላብ አልቧቸው ካገኘሽው በፊት።"

"አንድ ነገር አለ" አለች። "ዓርብ ዓርብ ቆጠራ አለብኝ። በሩን ከፍቼ ስቆጥር ይጮኻል፣ ጆሮዬን ያደነቁረኛል። ዝም የሚያሰኘውን ቁልፍ እጫነዋለሁ። ለአሥር ደቂቃ ብቻ ነው የሚለው ወረቀቱ። ያልጻፍኩት... ጥፋቱ የኔ እንዳይመስል ብዬ ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ምን አለ? ቆጠርኩ፣ ዘጋሁ። መብራት ጠፋ፤ ዓርብ ከሰዓት መቼ ይጠፋል መቼ ይበራል ማን ያውቃል? ወጣሁ።"

ዘበኛው ከአግዳሚው ተነሳ። ቤቱ ሦስት ጊዜ ሲሞክር እንዲጮህ ለቀቀው እንጂ አንድም ጊዜ ዝም አላሰኘውም። "አሁን ሣጥኑ ፊት ቁሚ። ቁልፉን አንዴ ተጫኚው፣ ዝምታው ይነሳ።"

ተጫነች። ስልኩ ውስጥ ደወሉ አምባረቀ፤ ኮሪደሩ ውስጥ ያሉ ሰዎች ዞረው አዩት።

"ሃያ ዘጠኝ አለ! ቀይ ሆነ!" ትላለች ከጩኸቱ በላይ።

"እንደገና ተጫኚው።" ዝም አለ። "አሁን ሶኬቱን ንቀይ። መልሰሽ ሰኪ። ሴንሰሯን አውጥተሽ በእጅሽ ጨብጫት። ስንት ይላል?"

የሶኬቱ ኮሽታ ተሰማ።

"አረንጓዴ ነው" አለች። "አራት ይላል።"

"ሴንሰሯ የት ናት?"

"ጨብጫታለሁ። ወንድሜ፣ የኔን እጅ አራት ዲግሪ ነው እያለ ነው።"

አሥር ደቂቃ ጠበቁ፤ ዝም የማሰኛው ጊዜ እስኪያልቅ። ስልኩን አልዘጉም፣ አላወሩምም። እሷ በቆርቆሮው ሥር እጇን ጨብጣ ቆማለች፣ እሱ ጆሮውን ስልኩ ላይ ለጥፎ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሏል። ነርሶች ገቡ፣ ነርሶች ወጡ። አንድ ሰው አልጋ እየገፋ አለፈ። በሕይወቱ ጩኸት እንዲህ ለምኖ አያውቅም። አሥራ አንድ ደቂቃ ሆነ። አሥራ ሁለት።

"አራት" አለች ፋርማሲስቷ።

ተቀምጦ ጻፈ። ቨርዥኑን ጻፈ። ሣጥኑ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከአራት ዲግሪ እንደሚነሳና ቀድሞ ዝም አሰኝተውት ከነበረ መለካት እንደማይጀምር ጻፈ። ቁልፉን፣ ሶኬቱን፣ የተጨበጠችውን ሴንሰር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ደረደረ። ምን ይሆናል ብለው ጠበቁ? እንዲጮህ። ምን ሆነ? አልጮኸም። መላክ ይችል ነበር፤ ሪፖርቱ ሙሉ ነው፣ ማሽኑም አይመልሰውም። ጣቱ ግን ቆመ። ሴትየዋ ያስቀረችው መስመር ስንት ሳምንት እንደፈጀ አሁን ገብቶታል። ወደ ላይ ተመለሰና ሌላ መስመር ጨመረ፦ "ችግሩ ከሁለት ወር በፊት በቁጥር 406 ተነግሮን ነበር። ዝም ማሰኛውን ሳልሞክር የዘጋሁት እኔ ነኝ። ስምንት ሪፖርቶችም ከተዘጋው ሥር አስሬ እንዳይታዩ አድርጌያለሁ። እነሱን ዛሬውኑ አንብቧቸው።" ከዚያ "ክሊኒኮች ሣጥኑን ሳያምኑ ፍሪጁን ከፍተው በእጃቸው ይንኩ" አለ። ላከው።

ከሦስት ደቂቃ በኋላ መሥራቹ "አየሁት፣ ለሁሉም እየላክን ነው" አለ። ምስጋናም ወቀሳም የለበትም። ከዚያ ክሊኒኮቹ መምጣት ጀመሩ። "ከፈትነው። ሞቋል።" "የኛም።" "የኛም አረንጓዴ ነው፣ ውስጡ ግን እሳት ነው።" ቅጽ የሞላ የለም። ዘበኛው አንዱንም አልመለሰም፤ ስልኩ ጭኑ ላይ እየተንቀጠቀጠ እያንዳንዱን ያነባል።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንዲት ነርስ ወጥታ አንዱ ይግባ አለች። እታለም ክንዷ ላይ ፈሳሽ ተሰክቶላታል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኗ ግን ተገልጧል። ሐኪሙ "ጥሩ ይዟታል፣ ኩላሊቷን ግን ነገ ነው የምናውቀው" አለ።

"እታለም" አላት። 

"ሰዓቱ ስንት ነው?"

"አሥራ አንድ።"

"ፊትህ ምን ሆነ? አንተ ነህ እንዴ የታመምከው?" ድምፏ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። "ጥርሴን አልቦረሽኩም።"

እጇን ያዘ። ሞቃት ነበር፤ ልኩን አላወቀም።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጠራ። ፋርማሲስቷ ናት። ከአሥሩ ዘጠኙን አግኝታለች፤ ሁለቱ መንገድ ላይ ናቸው፣ ወደዚሁ ሆስፒታል እየመጡ ነው።

"አሥረኛውስ?"

"ጡረተኛው ሰዓት ሠሪ። ከገበያው ጀርባ፣ ሰማያዊው የቆርቆሮ በር። ብቻውን ነው የሚኖረው። ከቀትር ጀምሮ እደውላለሁ፣ አያነሳም።" "አቤቱታም አቅርቦ አያውቅም፣ ምናልባት ደህና ሆኖ ነው" አለች።

እታለም ሰምታለች። እጇን ከእጁ አወጣችና በጣቷ በሩን አሳየችው።

ገበያው እየተበተነ ነበር። ነጋዴዎቹ ሸራቸውን ያጥፋሉ፣ ፀሐይዋ ግን ገና ጀርባ ትለበልባለች። ሰማያዊው በር ከሁለት የታሸጉ ሱቆች መካከል ነው። እጀታው ላይ የዛሬውና የትናንቱ ዳቦ በፌስታል ተንጠልጥሏል፤ ዳቦ የሚያደርስለት ባለሱቅ ሰቅሎት የሄደ ይመስላል።

ዘበኛው አንኳኳ። ከውስጥ ሬዲዮ ይሰማል፤ አንድ ሰው ስለ ነገ የአየር ሁኔታ ረጋ ብሎ ያብራራል።

"ጋሼ!" አለ። "ጋሼ፣ ከክሊኒኩ ነው!"

ሬዲዮው ወደ ሙዚቃ ተሻገረ። እንደገና አንኳኳ፣ በመዳፉ፣ ከዚያ በቡጢ። አንድ ሸራ የሚያጥፍ ነጋዴ ቀና ብሎ አየውና ወደ ሥራው ተመለሰ። ዘበኛው እጁን በሩ ላይ አድርጎ ገፋ አደረገው። አልተቆለፈም ነበር።